ከፊልም ፈረስ ወደ ኔቫዳ ምክር ቤት

በላስ ቬጋስ ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን የቀረበ የሕዝብ ትምህርት ንግግር



ከፊልም ወደ ፖለቲካ የተሻገረ አሜሪካዊ ጥሩ ብትባሉ አብዛኞቻችሁ ሮናልድ ሬገንን ትጠራላችሁ። ሬገን በ1966 የካሊፎርኒያ አገረ ገዥ ሆኖ ተመረጠ፤ ቆይቶም ዋይት ሐውስ ገባ። ከእሱ አሥራ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ ግን ባርኔጣ ደፍቶ፣ ሽጉጥ ታጥቆ፣ በፊልም ፈረስ ሲጋልብ የኖረ ሌላ ሰው ምርጫ አሸንፎ የግዛት ሥልጣን ይዟል። ያውም እዚሁ፣ እናንተ ታክሲ በምትነዱበት፣ ካዚኖ በምትሠሩበት፣ ምግብ ቤት በከፈታችሁበት ኔቫዳ። ሰውዬው ሬክስ ቤል ይባላል። በዚህ ከተማ በስሙ የሚጠራ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አለ። ከመካከላችሁ ልጁን እዚያ የሚያደርስ ወላጅ ይኖር ይሆናል፤ ባለ ስሙ ማን እንደነበረ የጠየቀ ግን ጥቂት ነው። ታሪኩን ስናገር ዓመታቱን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጠራው።

አንድ ነገር አስቀድሜ ግልጽ ላድርግ። ሬክስ ቤልን ያነሣሁት ታላቅ ተዋናይ ስለነበረ አይደለም። አልነበረም። መልከ መልካም ነው፣ ፈረስ ላይ ያምርበታል፣ አነጋገሩ ግን እንጨት እንጨት ይላል። ያነሣሁት መካከለኛ ዝናውን እንደ መነሻ ገንዘብ ቆጥሮ ሌላ ሥራ ላይ ስላዋለው ነው። ሚስቱ ክላራ ባው በተቃራኒው በዘመኗ በአሜሪካ ሲኒማ ከታወቁት ሁሉ የታወቀች ነበረች፤ የእሷ ዝና ግን ከፊልም ውጭ ወደ ምንም ሊመነዘር አልቻለም። የሁለቱን ኑሮ አንድ ላይ የማወራው ለዚህ ነው።

ሬክስ ቤል የፊልም ስሙ ነው። ወላጆቹ ያወጡለት ስም ጆርጅ ፍራንሲስ ቤልዳም ሲሆን፣ ኦክቶበር 16 ቀን 1903 ቺካጎ ውስጥ ተወለደ። በወጣትነቱ ካሊፎርኒያ ገባ፤ በ1928 ፎክስ የተባለው ስቱዲዮ የካውቦይ ፊልም እንዲሠራ ቀጠረው። ጊዜው ለእሱ የተመቸ ይመስል ነበር። ያን ዘመን የካውቦይ ፊልም ንጉሥ ቶም ሚክስ ነው፤ ልጆች የፈረሱን የቶኒን ስም ሳይቀር ያውቁ ነበር። ቶም ሚክስ ከፎክስ ሲለቅ ስቱዲዮው በእሱ ቦታ የሚቆም ወጣት ይፈልጋል። ሬክስ ቤልም በዚያው ዓመት «ዋይልድ ዌስት ሮማንስ»፣ «ዘ ካውቦይ ኪድ» እና «ገርል ሻይ ካውቦይ» በተባሉ ድምፅ አልባ ፊልሞች መሪ ተዋናይ ሆነ።

ዕድሉ ግን ብዙም አልቆየም። በ1927 «ዘ ጃዝ ሲንገር» ከወጣ ወዲህ ተመልካቹ የሚናገር ፊልም ካልሆነ አላይም ማለት ጀምሮ ነበር። የካውቦይ ፊልም ደግሞ ሜዳ ላይ ነው የሚቀረጸው፤ ነፋስ አለ፣ ኮቴ አለ፣ አቧራ አለ። የዚያን ጊዜው ማይክሮፎን ደግሞ ግድ የተዘጋ ክፍል ይፈልጋል። ስለዚህ ስቱዲዮዎቹ የካውቦይ ፊልም አበቃለት ብለው ደመደሙ። ራሱ ፎክስ «ኢን ኦልድ አሪዞና» በተባለ ፊልም ሜዳ ላይም ድምፅ መቅዳት እንደሚቻል አሳየ፤ ያ ፊልም ሲወጣ ግን የሬክስ ቤል ተራ አልፎ ነበር።

በ1929 በጆን ፎርድ «ሳሉት» ፊልም ውስጥ ሬክስ ቤል አነስ ያለ ድርሻ አገኘ። በዚያው ፊልም ስሙ እንኳ ያልተጻፈለት አንድ ረጅም ወጣትም ታይቷል፤ ጆን ዌይን ነው። ሁለቱም የሠላሳዎቹን ዓመታት ብዙ ክፍል ያሳለፉት በርካሽ የካውቦይ ፊልም ነው። ጆን ዌይን በ1939 በ«ስቴጅኮች» ከዚያ ወጣ። ሬክስ ቤል አልወጣም።

ርካሽ ስል ምን ማለቴ እንደሆነ ላስረዳ። በዚያ ዘመን ሲኒማ ቤት የገባ ሰው በአንድ ቲኬት ሁለት ፊልም ያያል፤ አንዱ በትልቅ ስቱዲዮ በብዙ ወጪ የተሠራ፣ ሌላው መሙያ። መሙያውን እንደ ሞኖግራም ያሉ ትንንሽ ኩባንያዎች ያቀርባሉ። ርዝመቱ አንድ ሰዓት ገደማ ነው፤ ቀረጻው በሳምንት አካባቢ ያልቃል። ፈረሱ ያው፣ ገደሉ ያው፣ ወንበዴው ያው ነው፤ ርዕሱ ብቻ ይለወጣል። ሬክስ ቤል በ1932 እና በ1933 ለሞኖግራም «ብሮድዌይ ቱ ሻየን»፣ «ላኪ ላሪጋን»፣ «ሬይንቦ ራንች» እና ሌሎችንም ሠራ። በ1936 ደግሞ ለሌላ ትንሽ ኩባንያ «ዘ አይዳሆ ኪድ» እና «ዌስት ኦቭ ኔቫዳ» የመሳሰሉትን ጨመረ። ተቺ የሚጽፍባቸው አይደሉም። ነገር ግን በየገጠሩ ከተማ፣ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ሕፃናትና ከብት ጠባቂዎች አዩዋቸው። ይህን ልብ በሉልኝ፤ ወደ በኋላ ድምፅ የሰጡት እነዚያ ናቸው።

አሁን ወደ ክላራ ልመለስ። ብሩክሊን ውስጥ በ1905 በድህነት ተወለደች። እናቷ የአእምሮ ሕመምተኛ ነበረች፤ አንድ ሌሊት ክላራ ከእንቅልፏ ብትነቃ እናቷ ቢላ ይዛ ከአጠገቧ ቆማለች። ከዚያ ቤት ያወጣት በ1921 ያሸነፈችው የመጽሔት ውድድር ነው፤ ሽልማቱ ፊልም ላይ መታየት ነበር። በስድስት ዓመት ውስጥ የፓራማውንት ስቱዲዮ ዋና ገቢ ሆነች። በ1927 የሠራችው «ኢት» አገር ምድሩን አንቀጠቀጠ፤ በዚያው ዓመት የተሠራው «ዊንግስ» ደግሞ በ1929 በተደረገው በመጀመሪያው የኦስካር ሥነ ሥርዓት ምርጥ ፊልም ተባለ።

እሷን ያስፈራት ማይክሮፎኑ ነበር። ድምፅ አልባ ፊልም ላይ ክላራ እንደ ልቧ ትሮጣለች፣ ትዘላለች፣ ካሜራው ይከተላታል። የድምፅ ፊልም ሲመጣ ማይክሮፎኑ የተደበቀበትን አበባ ማስቀመጫ ተጠግተሽ ተናገሪ ተባለች። በ1929 «ዘ ዋይልድ ፓርቲ»ን ስትሠራ አዘጋጇ ዶሮቲ አርዝነር ይህን አይታ ማይክሮፎኑን ከዓሣ ማጥመጃ ዘንግ ላይ አሰቅላ ከራሷ በላይ እንዲከተላት አደረገች። ዛሬ በየቴሌቪዥን ቀረጻው የምታዩት ረጅም የማይክሮፎን ዘንግ ወላጁ ያ ነው ይባላል። ዘዴው ለፊልሙ ሠራ፤ የክላራን ፍርሃት ግን አላስወገደም።

ሬክስና ክላራ በ1930 «ትሩ ቱ ዘ ኔቪ» በተባለ ፊልም አብረው ሠሩ። በቀጣዩ ዓመት መጀመሪያ ላይ ክላራን ሌላ መከራ ያዛት። የቀድሞ ጸሐፊዋ በገንዘብ ጉዳይ ተከሳ ፍርድ ቤት ስትቀርብ፣ ጋዜጦች የክላራን የግል ሕይወት ዘርግተው ለገበያ አወጡት። ምስክር ሆና የቀረበችው ተበዳይ እንደ ተከሳሽ ተፈረደባት ብል አላጋንንም። ጤናዋ ታወከ፤ ፓራማውንትም ውሏን በስምምነት አፈረሰ። ያኔ ገና ሃያ ስድስት ዓመት አልሞላትም። የሸሸችው ወደ ኔቫዳ በረሃ ነው፤ ሬክስ ቤል ወደነበረበት።

በ1931 ላስ ቬጋስ ምን ትመስል ነበር? የ1930ው ቆጠራ 5,165 ሰው ነው ያገኘባት። ዛሬ በአንድ ትልቅ ሆቴል ክፍሎች ተጠቅልሎ የሚገባ ሕዝብ ነው። በማርች 1931 የኔቫዳ ምክር ቤት ቁማርን ሕጋዊ አደረገ፤ በዚያው ዓመት ለፍቺ የሚያስፈልገውን የነዋሪነት ጊዜ ወደ ስድስት ሳምንት አወረደው። ዛሬ ሁቨር የምንለው ግድብ ሥራውም በዚያው ዓመት ተጀመረ። እኛ ደግሞ ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. የመጀመሪያውን የተጻፈ ሕገ መንግሥታችንን ያወጅነው በዚያው በጋቸው ነበር። ዲሴምበር 3 ቀን 1931 ሬክስና ክላራ ላስ ቬጋስ ውስጥ ተጋቡ። ዝነኛ ሰው ቬጋስ መጥቶ የሚጋባበት ልማድ ገና ባልተለመደበት ጊዜ መሆኑ ነው። ልዩነቱ ሌሎቹ ተጋብተው ይሄዳሉ፤ እነዚህ ግን ቀሩ።

የቀሩበት ቦታ ከላስ ቬጋስ ወደ ደቡብ ሰርችላይት ከተባለችው የወርቅ ማዕድን መንደር በስተምዕራብ ነው። ሰርችላይትን ከመካከላችሁ የማያውቅ ቢኖር ሃሪ ሪድን ያውቃል፤ ቀን ከሌሊት መንገደኛ የምታመላልሱበት ኤርፖርት ስሙን ያገኘው በ1939 እዚያች መንደር ከተወለዱት ሴናተር ነው። ሬክስ ቤል ያቋቋመው የከብት እርባታ የግጦሽ መሬቱ 400,000 ኤከር ይደርስ ነበር፤ በእኛ ልኬት አራት ሺህ ጋሻ ገደማ። ነገር ግን ጋሻውን ስትሰሙ የጎጃምን ጥቁር አፈር አታስቡ። በረሃ ነው፤ አንዲት ላም ሆዷን ለመሙላት ብዙ መሄድ አለባት። ስለዚህም ነው መሬቱ ያን ያህል የሰፋው።

እርባታውን «ዎኪንግ ቦክስ» ብለው ሰየሙት። ከብቶቹ ጎን ላይ የሚተኮሰው ምልክት በሦስት እግር የቆመ፣ ሊራመድ የተነሣ የሚመስል የፊልም ካሜራ ሳጥን ነበር። ይህን ምልክት እወደዋለሁ። ሰውዬው ከየት እንደመጣ አልደበቀም፤ የመተዳደሪያው መነሻ ካሜራ መሆኑን በላሞቹ ቆዳ ላይ አትሞ አሰማራው። በስፓኒሽ ዘዴ የተሠራው ቤታቸው ዛሬም ቆሟል። ክላርክ ጌብልና ካሮል ሎምባርድን የመሰሉ ጓደኞቻቸው ከሆሊውድ እየመጡ ያርፉበት ነበር።

ክላራ ከጋብቻዋ በኋላ ለፎክስ ሁለት ፊልም ብቻ ሠራች፤ በ1932 «ኮል ሄር ሳቬጅ»፣ በ1933 «ሁፕላ»። በሁለቱም ጥሩ ሠርታለች። ድምፅ ፊልም ጣላት የሚለውን ተረት የሚያፈርሱ እነዚህ ፊልሞች ናቸው፤ ሥራውን የተወችው ስላልቻለች ሳይሆን ስላልፈለገች ነው። በ1934 እና በ1938 ሁለት ወንዶች ልጆች ወለደች። በ1937 ባልና ሚስቱ ሆሊውድ ውስጥ «ኢት ካፌ» የተባለ ቤት ከፈቱ፤ ብዙም ሳይቆይ ተዘጋ።

ሬክስ ግን ነጋዴነቱን አልተወም። ላስ ቬጋስ መሃል ከተማ የካውቦይ ልብስ መደብር ከፈተ፤ ባርኔጣ፣ ቡትስ፣ ቀበቶ የሚሸጥበት። ገበያው ነበረ። ከተማዋ ከ1935 ጀምሮ ሄልዶራዶ የተባለ የካውቦይ በዓል ታከብራለች፤ በዚያ ሰሞን ጠበቃውም የባንክ ሠራተኛውም ካውቦይ መስሎ ይወጣል። በ1941 እና በ1942 የተከፈቱት የስትሪፑ የመጀመሪያ ሆቴሎች፣ ኤል ራንቾ ቬጋስና ላስት ፍሮንቲየር፣ የከብት አርቢ ቤት መስለው ነው የተሠሩት። ጎብኚ ሁሉ ካውቦይ መሆን ያምረዋል። ከፊልም ካውቦይ እጅ ባርኔጣ መግዛት ደግሞ ሌላ ነገር ነው። ዛሬ ፈረንሳይና ግብፅ በሚመስሉት ሆቴሎች መካከል ስትነዱ፣ የዚህች ከተማ የመጀመሪያ ቲያትር ራሷን የምዕራብ መንደር አድርጋ መጫወቷ እንደነበረ አስታውሱ።

ፖለቲካው በሽንፈት ነው የጀመረው። በ1944 ሪፐብሊካን ሆኖ ለአሜሪካ የተወካዮች ምክር ቤት ተወዳደረ፤ በዴሞክራቱ በበርክሊ በንከር ተሸነፈ። ያ ዘመቻ በቤቱ ውስጥ ያስከፈለው ከድምፁ ይበልጣል። ከጋዜጠኛ ዓይን ለመራቅ በረሃ የገባችው ክላራ የፖለቲከኛ ሚስት ሆና እንደገና አደባባይ ልትወጣ ነው፤ በዚያው ዓመት ራሷን ለማጥፋት ሞከረች። በ1949 ኮነቲከት ውስጥ ባለ የአእምሮ ሕክምና ተቋም ገባች። ከዚያ ወዲህ ወደ ባሏ ቤት አልተመለሰችም፤ ሎስ አንጀለስ አጠገብ ካልቨር ሲቲ በተባለ ቦታ በጸጥታ ኖረች። አልተፋቱም። በስድስት ሳምንት ፍቺ በዓለም በታወቀች ግዛት!

ሬክስ ቤልን የሚያሞግሱ ሰዎች ይህን ምዕራፍ ቶሎ ያልፉታል። እኔ እንደማየው ሰውየው አደባባይ ይወድ ነበር፤ ሚስቱን ደግሞ አደባባዩ አሳምሟታል። ሁለቱን ማስታረቅ አልቻለም፤ ሲመርጥም አደባባዩን መረጠ። ክፉ ሰው ያደርገዋል አልልም። ሥራው ያለ ዋጋ አልመጣም ግን እላለሁ።

በፌብሩዋሪ 1954 ሮናልድ ሬገን ላስት ፍሮንቲየር ሆቴል መድረክ ላይ ሁለት ሳምንት ሠራ። የፊልም ሥራው ቀዝቅዞ፣ ገንዘብ ቸግሮት ነው የመጣው፤ ፖለቲካውም ገና ዴሞክራት ነበር። በዚያው ዓመት ኖቬምበር ውስጥ፣ መደብሩ ከዚያ ሆቴል ጥቂት ማይል ርቆ የሚገኘው ሬክስ ቤል የኔቫዳ ምክትል አገረ ገዥ ሆኖ ተመረጠ። አንዱ የፊልም ሰው ቬጋስ ውስጥ ሲቸገር ሌላው ቬጋስ ውስጥ ሲሾም፣ ሁለቱ መንገድ ላይ ተያይተው ቢሆን ማን በማን ይቀና ነበር?

ምክትል አገረ ገዥነት በኔቫዳ ሕግ ከአገረ ገዥው ተለይተው የሚመረጡበት ቦታ ነው። የግዛቱን ሴኔት በሊቀመንበርነት ይመራሉ፤ አገረ ገዥው ሲጎድል ይተካሉ። ምክር ቤቱ በዚያን ጊዜ እንደ ደንቡ በሁለት ዓመት አንዴ ነበር የሚሰበሰበው፤ ስለዚህ ሬክስ መደብሩን መዝጋት አላስፈለገውም። ሃሪ ሪድም ከ1971 እስከ 1975 በዚያው ወንበር ተቀምጠዋል። ማሸነፉን ለመረዳት ደግሞ ቁጥሩን ማየት ይበቃል። በ1950 መላው ኔቫዳ 160,083 ሰው ነበረው፤ ከአዲስ አበባ አንድ ክፍለ ከተማ ያነሰ። እንዲህ ባለ ቦታ ተወዳዳሪ መራጩን አንድ በአንድ ሊጨብጥ ይችላል። ሬክስ የሚጨብጠው ሰው ደግሞ በልጅነቱ ቅዳሜ ሲኒማ ያየው፣ አድጎም ቡትስ የገዛው ነው። የርካሽ ፊልም ተመልካች መራጭ ሆነ ያልኩት ይኸው ነው።

በእኛ አገር መንገዱ ሌላ ነው የሆነው። አንጋፋው ተዋናይ ደበበ እሸቱ በ1973 ሆሊውድ በሠራው «ሻፍት ኢን አፍሪካ» ፊልም ላይ ተጫውተዋል። በ1997 ዓ.ም. ምርጫችን ከተቃዋሚው ቅንጅት ጋር ተሰልፈው ውጤቱ እስር ሆነ። ሕዝብ የሚወደው ፊት ምርጫ ውስጥ ሲገባ መንግሥት ምን ያደርገዋል ለሚለው ጥያቄ፣ የኔቫዳ ዋና ከተማ ካርሰን ሲቲና አዲስ አበባ የሰጡት መልስ ይህን ያህል ይራራቃል።

በ1958 ዴሞክራቱ ግራንት ሶየር አገረ ገዥነቱን ከሪፐብሊካኖች ነጠቀ፤ ሬክስ ቤል ግን በዚያው ምርጫ ምክትልነቱን አስጠብቆ ቆየ። ሰዉ የመረጠው ፓርቲውን ሳይሆን እሱን መሆኑ ከዚህ በላይ ማስረጃ አይፈልግም። ሥልጣን ላይ ሳለ ጆን ሂውስተን «ዘ ሚስፊትስ»ን ኔቫዳ ውስጥ ሲቀርጽ ብቅ ብሎ እንደ ሽማግሌ ካውቦይ ታየ። የክላርክ ጌብልና የማሪሊን ሞንሮ የመጨረሻ ፊልም ያ ነው፤ የእሱም እንደዚያው።

በ1962 ለአገረ ገዥነት ሊወዳደር ተነሣ። ጁላይ 4 ቀን፣ በአሜሪካ የነፃነት በዓል፣ ዘመቻው መካከል ላስ ቬጋስ ውስጥ ልቡ ቆመ። ዕድሜው 58 ነበር። ፓርቲው በምትኩ የላስ ቬጋስን ከንቲባ ኦራን ግራግሰንን አቀረበ፤ ሶየር በቀላሉ አሸነፈው። ቤል ቢኖር ያሸንፍ ነበር ወይ? አልደፍርም። የግዛቱ ሕዝብ በአሥር ዓመት ውስጥ ወደ 285,278 አድጎ ነበር፤ ከሌላ ግዛት የመጣ አዲስ ነዋሪ የሞኖግራም ፊልም ትዝታ ላይኖረው ይችላል። በዚያው ምርጫ የቤልን ወንበር የወሰዱት ፖል ላክሳልት ከአራት ዓመት በኋላ ሶየርን ጥለው አገረ ገዥ ሆኑ፤ ለሬገንም የቅርብ ወዳጅና የዘመቻ ሰው የሆኑት እሳቸው ናቸው።

ክላራ በሴፕቴምበር 1965 ሞተች። ካሊፎርኒያ ግሌንዴል ውስጥ ከባሏ አጠገብ ተቀብራለች። ትልቁ ልጃቸው ሬክስ ቤል ልጁ ሕግ ተምሮ ከ1987 እስከ 1995 የክላርክ ካውንቲ ዋና ዐቃቤ ሕግ ነበር።

ቤቱን ለማየት የሚፈልግ በ95 ቁጥር መንገድ ወደ ደቡብ ሰርችላይት ድረስ ይነዳል፤ ከዚያ ወደ ምዕራብ ይታጠፋል። በ2009 በአገሪቱ የታሪካዊ ቦታዎች መዝገብ ገብቷል፤ በ2023 ደግሞ ፕሬዚዳንት ባይደን በዙሪያው ያለውን ምድር አቪ ክዋ አሜ በሚል ስም ብሔራዊ መታሰቢያ አድርገውታል። ሁልጊዜ ክፍት አይደለም፤ ሳትነሡ ደውላችሁ ጠይቁ፤ ውኃም ያዙ።

ፊልሞቹንም የምትፈልጉ ካላችሁ በእሱ አትጀምሩ፤ ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ እንቅልፍ ይወስዳችኋል። «ዊንግስ» እና «ኢት» ከ2023 ጀምሮ የባለቤትነት መብታቸው አልቆ ለሁሉም ነፃ ሆነዋል። እነሱን በቅድሚያ እዩ፤ ከዚያ «ኮል ሄር ሳቬጅ»ን። የሬክስ ቤልን «ብሮድዌይ ቱ ሻየን» በመጨረሻ ስትከፍቱ፣ ሰውየው ወንበዴ ሲያባርር ሳይሆን ቆሞ ከመንደሩ ሰዎች ጋር ሲያወራ ተመልከቱት። እዚያ ላይ ነው የሚችለው።